ይድረስ «ማጨስ ክልክል ነው» ከሚለው ሰሌዳ ሥር ለተቀመጡት ክቡር መተርኮሻ

ጉዳዩ፦ የሥልጣንዎን ልክ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን አንጠይቅም። አጠገብዎ የዋለ ሁሉ እያሳለ ሲሄድ እርስዎ ማታ ታጥበው ጠዋት እንደ አዲስ ተሿሚ ጠረጴዛ ላይ ጉብ ይላሉ። አንዳንዱ ቤት ብርጭቆ ነዎት፤ አንዳንዱ ቤት የድልህ ጣሳ፤ ቤቱ ሲቸግረው ደግሞ የስኒ ማስቀመጫ ወይም የአምቦ ውሃ ቆርኪ። መልክዎ ይለዋወጣል፣ ሥልጣንዎ ግን አንድ ነው። ከላይ ግድግዳው «ክልክል ነው» ይላል፣ ከሥር እርስዎ «ይቻላል» ይላሉ፤ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እርስዎ ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈው ያለፈው ሐሙስ ጠዋት ደሴ ላይ የሆነው ነው። አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ለክትትል በሌሊት ተነሥታ ካርድ ክፍል ተሰለፈች (ሰልፉን ታውቁታላችሁ)፤ ግፊቷ ተለካ፣ ክብደቷ ተጻፈ፣ ሽንቷ ተመረመረ፣ «ታጨሻለሽ?» ተባለች። «አይ» አለች። ምልክት ተደረገና ታለፈች። ከዚያ ከእናቷ ጋር ፉል ልትቀምስ አንድ ቁርስ ቤት ገባች። የቤቱን ስም አንጠራም፤ እርስዎ የሌሉበት ቤት በጠፋበት ከተማ አንዱን ለይቶ ማማት ግፍ ነው።

የጦሳ ተራራ ብርድ ስለበረታ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ከእነሱ ሁለት ጠረጴዛ አለፍ ብሎ አንድ ጋሼ የለኮሱትን ሲጋራ በጠርዝዎ ጎድጎድ ላይ አሳርፈው ስልክ ያወራሉ። እናትየው አስተናጋጁን ጠራችው።

«የኔ ልጅ፣ ያን ጭስ ቢያጠፉልን? ልጄ ነፍሰ ጡር ናት።»

«እማማ፣ ደንበኛችን ናቸው።»

«እኛስ ምንህ ነን?»

ልጁ መልስ ሲያጣ ባለቤቱ ከሒሳብ መቀበያው ተነሥቶ መጣ። ጋሼው ግን ሰምተው ኖሮ ስልካቸውን አውርደው «ይቅርታ እናቴ፣ ላጥፋው» አሉ። አዩ እንግዲህ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር! ባለቤቱ ነው «ኧረ አብሽሩ ጋሼ፣ ይጨርሱ!» ብሎ እርስዎን በገዛ እጁ ወደ ጋሼው ያስጠጋዎ። ቀጥሎ ወደ ሴቶቹ ዞሮ «ካስቸገራችሁ ውጭ ወንበር አለ» አላቸው። እናትየው ምንም ሳትል በጣቷ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። ሰውየው ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየው፣ ፈገግም አለ።

«እሱ ለቁጥጥር ነው፣ እማማ።»

ከኋላ አንዱ «ነፍሰ ጡር ቁርስ ቤት ምን ትሠራለች?» አለና ተሳቀ። ሁለቱን ሴቶች አንሥተው ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ፣ ከሽንት ቤቱ በር ሥር አስቀመጧቸው። ቤቱ ይሉኝታ አያጣምና «ለእናንተ ብዬ ነው» ተብሎ እጣን ተጨሰ። በጭስ ላይ ጭስ! የፉሉ ዋጋ ያው ነበር።

ቀልዱን እዚህ ላይ እናቁም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለቁጥጥር የወጣ ጌጥ አይደለም። ጣራና ግድግዳ ባለው ማንኛውም ሕዝብ የሚገለገልበት ቦታ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስን ከልክሏል። «የአጫሾች ጥግ» የሚባል ነገር አልፈቀደም፤ «ደንበኛችን ናቸው» የሚል አንቀጽም የለውም። ቤቱን ከጭስ የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ባለቤቱ ነው። ከደጅ ውጪ መባል የነበረበት ጭሱ ሆኖ ሳለ የተባለችው ነፍሰ ጡሯ ናት። ያጠፋው ሰው ይቅርታ ጠይቆ ሲጋራውን ሊያጠፋ ሲል «ይጨርሱ» ማለት ቸልተኝነት እንኳ አይባልም፤ እያወቁ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጎድጎድ እንመለስ። እሷን ጎድጎድ የቀረጸልዎት ሰው ምን እንደሠራ ያውቃል? ሲጋራ ሲሳብ ጫፉ ወደ 900 ዲግሪ ይግላል፤ እርስዎ ላይ ሲያርፍ ግን ወደ 600 ይወርዳል። ሙቀቱ ሲወርድ ትምባሆው በደንብ አይቃጠልም፤ ስለዚህ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ አሞኒያውና ካንሰር አምጪው ናይትሮዛሚን በመጠን ይበዛሉ። አጫሹ የሚስበው ጭስ ቢያንስ በቡሹ (በማጣሪያው) በኩል ያልፋል። ከእርስዎ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ግን በምንም አያልፍም፤ ቤቱ ውስጥ ተንሳፍፎ ሌላው ሰው ከሚተነፍሰው ጭስ አብዛኛው ደግሞ እሱ ነው። ጋሼው በስልክ ሲያወሩ ሲጋራቸውን ያጨሱት እሳቸው አልነበሩም፤ እናትና ልጅ ናቸው። በደንብ ሳይጠፋ ከሆድዎ የተጣለውም ቡሽ እየጨሰ ይቆያል፤ ትንሽ ውሃ ወይም አሸዋ ቢኖርብዎ እንኳ ያን ያህል አይጨስም ነበር፣ ግን ማን ያስብልዎታል? (ቡሹን ጥጥ የሚመስለው ብዙ ነው። ፕላስቲክ ነው፤ በዝናብ ወደ ቦርከና ወንዝ ሲወርድም አይበሰብስም።)

ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ ጠንክሮ በደም ሂሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል፤ ንጹሕ አየር እየተነፈሱም ግማሹ ከደም እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። የፅንስ ደም ከእናቱም ይልቅ ይይዘዋል። የሌሎችን ጭስ የምትተነፍስ እናት ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከፍ ከሚልባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። እንግዲህ የሐሙሱን ቅጽ አስቡት፦ በሦስት ሰዓት «አይ» የተባለው፣ በሦስት ተኩል ፉል ሲቀርብ «አዎ» ሆነ። ቅጹ «ሌላ ሰው ያጨስብሻል?» ብሎ አይጠይቅማ።

እጣኑ ሽታውን ይሸፍናል፣ ቅንጣቱን ግን አንዲት እንኳ አይቀንስም፤ የራሱን ይጨምራል እንጂ። የጣራ ማራገቢያም ጭሱን አያወጣም፣ ያከፋፍላል። ሁለት ጠረጴዛ መራቅ? ቅንጣቶቹ ከአንድ ማይክሮን ያነሱ ናቸውና ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ፤ ወንበር ቆጥረው አይቆሙም።

ጠበቆችዎ ሁልጊዜ የሚያቀርቡትን መከራከሪያ እናውቃለን፦ «ወሎ ውስጥ ማን ያጨሳል?» እውነት ነው፣ እንደ ሌላው አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሀገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ 5 ሰው ነው፤ ወንዱ 8.1፣ ሴቷ 1.8። አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላ፣ ሐረርና ድሬዳዋ በየጥናቱ ከፍ ይላሉ፤ አማራና ትግራይ ከታች ናቸው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አፋር የወረደ ሰው ልዩነቱን ለማየት ጥናት አያስፈልገውም። ለዚህም ምክንያት አለው፤ እኛ ዘንድ ቄሱም ሼሁም ትምባሆን ያወግዛሉ። በ1870 እዚሁ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ የጠሩት አፄ ዮሐንስ 4ኛማ ያጨሰን ሰው ከንፈር፣ ሱረት የሳበን ሰው ደግሞ አፍንጫ ያስቆርጡ ነበር ይባላል። (ይህን እንዲመለስ አንጠይቅም። እርስዎን ማንሣት ይበቃናል።)

ግን ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ማንን ነው የጠበቀው? በሀገሩ ስሌት ከ12 ወንድ አንዱ ትምባሆ ይጠቀማል፤ መስኮቱ ለተዘጋ ቁርስ ቤት አንዱ ይበቃዋል። ያው ጥናት ቤት ውስጥ ከሚሠሩት ከመቶ 29 ያህሉ በሥራ ቦታቸው የሌላ ሰው ጭስ እንደሚደርስባቸው አሳይቷል፤ መጠጥ ቤትና ጭፈራ ቤት ከገቡት ደግሞ ከመቶ 60 ያህሉ። አጫሹ 5፣ መጠጥ ቤት ገብቶ ጭሱ የሚደርሰው 60! ነውር በበዛበት አገር ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ያፍራል፤ አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ የምትሰማት ሴት ጋያ (የትምባሆ ማጨሻ) መሳቧን ለማታውቀው መዝጋቢ ትነግረዋለች? ከዚህ ሁሉ በላይ፣ የሳንባ ካንሰር ከማጨሱ 20 እና 30 ዓመት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የዛሬው ዝቅተኛ ቁጥር የትናንቱን ነውር እንጂ የነገውን የሆስፒታል አልጋ አይነግረንም። አፋሩም ጋምቤላውም ችግሩን ያውቀዋል፣ በስሙ ይጠራዋል። እኛ «እኛ ዘንድ የለም» እያልን እርስዎን በየጠረጴዛው እናድላለን።

የቆየውን ቅሬታ በአጭሩ፦

ክንዱን በመስኮት አውጥቶ የሚያጨሰው የሚኒባስ ሹፌር፦ ክንዱ ውጭ ነው፣ ጭሱ ግን በኋለኛው መስኮት ተመልሶ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሒሳብ አይከፍልም።

የለቅሶ ድንኳን። ሟቹ በሳንባው ነው የሞተው።

ባለ ሱቁ በፍሬ የሚሸጠው ሲጋራ፦ ዐዋጁ የፓኬቱን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ አስሸፍኗል። ያ ሥዕል የሚታየው ለባለ ሱቁ ብቻ ነው፤ ገዢው አንድ ፍሬ በእጁ ይዞ ይሄዳል። ተልኮ የመጣው ደግሞ የ11 ዓመት ልጅ ነው፤ ዐዋጁ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ አይሸጥም ይላል፤ ልጁ ግን ክብሪት ጭምር ተጨምሮለት ይመለሳል።

ሺሻውንም ተከልክሏል ብላችሁ ፈልጉት፤ ከመጋረጃው ኋላ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ቁርስ ቤቱ ገና ሲከፈት እርስዎንና ወኪሎችዎን፣ ጣሳውንም የስኒ ማስቀመጫውንም ቆርኪውንም፣ ከጠረጴዛ ሁሉ ይልቀሙ። መተርኮሻ ያጣ አጫሽ አመዱን የት እንደሚጥል ግራ ገብቶት ራሱ ተነሥቶ ይወጣል፤ ግማሹ ሥራ ይኸው ነው። ሰሌዳው ከበሩ ላይ ይሰቀል፣ ሰው ከመቀመጡ በፊት እንዲያየው። የለኮሰ ካለ አስተናጋጁ «ጋሼ፣ ውጭ ይጨርሱልኝ» ይበለው፤ እንቢ ካለ ሻይ አይቅዳለት። አስተናጋጁ ይህን ለማለት እንዳይፈራ ባለቤቱ ቀድሞ ሊነግረው ይገባል፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ያን ጭስ የሚተነፍሰው እሱ ነው፤ ደንበኛው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል።

እርስዎም ሥራ አያጡም። ዐዋጁ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ርቆ ይጨስ ይላልና ወደ ደጅ ይዛወራሉ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመን እናሳስብዎ፦ ደሴ ፒያሳ ላይ ከአንዱ ቤት በር 10 ሜትር ሲለካ የጎረቤቱ ቁርስ ቤት መስኮት ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ሜትሩን ይዘው ሲወጡ ከሁለቱም በር ይለኩ፤ ቦታ ከጠፋም መንገዱን ተሻግረው ቁልቁል ይውረዱ።