ኩምቢ ላስተከላችሁ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ

ቅዳሜ ረፋድ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ መኪና እንደማየት ያለ መዝናኛ የለም። ሰሞኑን ደግሞ ዓይኔ አንድ ነገር ላይ ቀርቷል፤ ስኖርክል። የሰፈር ልጆች ኩምቢ ይሉታል፣ ልክም ናቸው። ከፓራፋንጎው ተነስቶ በፊት መስታወቱ ጠርዝ እስከ ጣሪያ የሚወጣ ጥቁር ቱቦ ነው። ሞተሩ ውሃና አቧራ ካለበት ከታች ሳይሆን ከላይ እንዲተነፍስ ታስቦ የተሠራ። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሞተር ውስጥ ከገባ ፒስተኑ ይገፋዋል፣ ውሃው እምቢ ይላል፣ የሚታጠፈው ብረቱ ይሆናል። ስለዚህ ወንዝ ለሚሻገር ሰው ኩምቢ የሞተር ነፍስ አድን ነው።

የእኛ ሰው ግን ወንዝ እስኪመጣ አይጠብቅም። ይህን አርቆ አሳቢነት ሳላደንቅ አላልፍም። እስከ ኮፋኖ የሚደርስ ውሃ ከተማው ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። የቀሃ ወንዝ በበጋ ዶሮም ያሻግራል። አንድ የፋሲል መዋኛ አለ፣ እሱም ከቀሃ በተጠለፈ ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት፣ ለጥር 11 ነው፣ በዚያ ዕለት ደግሞ ላንድክሩዘሩን ይዞ የገባ ምእመን እስካሁን አላየሁም። ቢሆንስ? ኖኅም መርከቡን ሲሠራ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ውሃው ከፒያሳ ማኪያቶ ቤት ደጃፍ ቢነሳ፣ በኋላ የሚስቀው ማን እንደሆነ እናያለን።

አጎቴን ላንሳ። ስሙን አልጠራም፣ ቡና ይከለክለኛል። መኪናው ዋን ኤች ዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር ነው። ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ናፍጣ የሚጠጣ፣ ጠንካራ ነገር። ኩምቢውን አስተከለና «ና እይልኝ» ብሎ ጠራኝ። ኮፋኖውን ከፈትን። ፓራፋንጎው ተበስቷል፣ ቱቦው ገብቷል፣ ከዚያ ምንም የለም። ከፊልትሮው፣ ማለትም ከአየር ማጣሪያው ቤት ጋር የሚያገናኘው ጎማ አልተገጠመም። ሞተሩ እንደ ድሮው ከታች ይተነፍሳል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልተገናኘም።»

«ኧረ ዝም በል ጃል! ከኮፋኖ በታች ማን ያያል?»

አፌን ያዝኩ። እኔ ስለ አየር አወራለሁ፣ እሱ ስለ ክብር።

የፊልትሮውን ቤትም ከፈትነው። ከደባርቅ በሰሜን ተራሮች ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር በሚወስደው የጠጠር መንገድ የተለቀመው አቧራ የወረቀቱን እጥፋት ሁሉ ሞልቶ፣ አንድ ድስት ሽሮ ያህል ተቆልሏል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ከዚያ ቅርስ ጥቂቱን አጎቴ በራሱ ወጪ ጠብቆ ስላቆየልን ምስጋና ይገባዋል።

ጋራዥ ወሰድነው። ልጁ ፊልትሮውን ጎማ ላይ እንደ ጤፍ ወቃው። ቀጥሎ የኮምፕሬሰሩን አየር በሙሉ ኃይሉ ለቀቀበት፣ ያውም ከውጭ ወደ ውስጥ። የወረቀት ፊልትሮ የሚነፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ በለስላሳ አየር፣ ከነፈሱት ደግሞ ጥቂት ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ይጣላል። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ልጁ ፊልትሮውን ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። የበጋ ሌሊት ሰማይ መሰለ። ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ኮከብ በኮከብ።

«ይኸው ጋሼ፣ አሁን አየር እንደ ልቡ ይገባል!»

እውነቱን ነው። ያለ ምንም ክልከላ ይገባል፣ አቧራውም አብሮት። አጎቴም ወዲያው ጉልበቱ ጨመረ አለ። ያ አቧራ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ፣ ፋሻውን፣ ማለትም የፒስተኑን ቀለበት ጨርሶ፣ ሞተሩን ዘይት ሲያስበላው መኪናው ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። ይህም ክፉ አይደለም፤ ከሩቅ ይታወቃል፣ ጥሩምባ መንፋት አያስፈልግም።

ደግሞ ቀዩ ፊልትሮ አለ። በዘይት የረጠበው፣ ከጥጥ የሚሠራው፣ ታጥቦ የሚመለሰው። አንድ ሻጭ «20 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጎንደር ከባህር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ባህር ዳርቻ ካለው አየር አምስት እጁን ብታደርገው አንዱ እጅ እዚህ የለም። በሰሜን ተራሮች ያለው ጨነቅ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ፣ ስትወጣ ደግሞ ሲሶው ገደማ የለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ የሚያለከልከው ተራራው ስላነቀው ነው። ቀይ ጨርቅ የሌለ አየር ከየት ያመጣል? ግን ሻጩ በእምነት ነው የሚናገረው፣ ገዢውም በእምነት ነው የሚከፍለው። እምነት ባለበት ቦታ ሜትር ማንሳት ነውር ነው።

አዲስ ሃይሉክስ ያለው ወዳጄም ቀዩን ገዛ። አጥቦ ሲያበቃ ዘይቱን ለሙሽራ ቅቤ እንደሚቀባ ሰው አፈሰሰበት። ትርፉ ዘይት ተስቦ የሚገባውን አየር በሚለካው ስስ ሽቦ ላይ ተለጠፈ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ማታ ማታ ያምራል ይላል።

ለእኛ ዱቄት ለሚመስል አቧራ ያ ተራው የወረቀት ፊልትሮ፣ በጊዜው ከተቀየረና ዙሪያው በደንብ ከገጠመ፣ ደቃቁን በመያዝ ብዙውን ጊዜ ከቀዩ ይሻላል። መኪና ተከታትሎ ለሚሄድ ሰው ደግሞ አቧራውን አሽከርክሮ ወደ ጎን የሚጥል የኩምቢ ራስ አለ። ግን ድስት ይመስላል። ድስት ተሸክሞ ፒያሳ የሚቆም ጨዋ ደግሞ የለም። ወረቀቱስ ቢሆን ኮፋኖ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፣ ማን ፎቶ ያነሳዋል?

ባለፈው ሐምሌ ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወደ አዘዞ ስንወርድ መንገዱን ውሃ ያዘው። ጉልበት ቢደርስ ነው። ልቤ ዘለለ፤ ኩምቢው ቀኑ ደረሰ! አጎቴ ቆመ። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ አየ። ከኋላችን ያለ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋብን፣ በጎናችን አለፈ፣ ውሃውን ግራና ቀኝ እየረጨ ተሻገረ። ሹፌሩ አንድ እግሩን ወደ ላይ አንስቶ ነበር።

አጎቴ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ትናንት ነው ያሳጠብኩት» አለኝ።