ድርሻችን ትንሽ ነው፤ ጭሱስ?

አዲስ አበባ በ2027 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32ን፣ እንድታስተናግድ ከተወሰነ ወዲህ ከየመድረኩ የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት የኢትዮጵያ ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች ነው። እውነት ናት። የሚያናድደው የምትጠራበት ጊዜ ነው። የየልና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች በየሁለት ዓመቱ የሚያወጡት የአካባቢ አፈጻጸም ደረጃ በተነሳ ቁጥር «ሳንበክል ለምን ወደ ታች ይጥሉናል?» ለማለት እሷው ትመዘዛለች።

ደረጃው ልቀት ብቻ አይለካማ! የ2024ቱ 58 መለኪያዎች ነበሩት፤ አንዱ በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ጭስ ሳቢያ ቤት ውስጥ የሚጠፋውን ጤና ይቆጥራል። እዚያ ላይ መውደቅ ይገባናል።

«መብራታችን እኮ ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው፤ ህዳሴም 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ተመርቋል» ይሉናል። ተርባይን እንጀራ አይጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር መሆኑ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሰክቶ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ፣ ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ የሚቀረው 2,340 ዋት ገደማ ነው። አንድ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው። ምጣዱ አይግልም፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ከምጣዱ ይጣበቃል። ጭራሽ መብራት ከጠፋ ደግሞ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ያለ ሊጥ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ኩፍታው ይወርዳል፣ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ቆጣሪ ያለበት ቤት እንኳ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከጓዳ አይጠፋም። «ምርጥ» የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እሳቱን ከልሎ እንጨት ይቆጥባል፤ እሱም ቢሆን ክፍሎቹ የሚጋጠሙበት ስንጥቅ በጭቃ ካልተደፈነ ሙቀቱ በጎን ይወጣል። ይሄ ሁሉ በችግኝ ቁጥር አይሸፈንም።

ደረጃው የልቀትን የአሥር ዓመት አዝማሚያ ስለሚያይ ከምንም ተነስቶ ፋብሪካ የከፈተ አገር ይጎዳል፤ ይህን እቀበላለሁ። ሕንድም በ2022 ከ180 አገሮች መጨረሻ ስትሆን ስሌቱን ተቃውማለች። ከዚያ በላይ ግን አልሄድም።

ደግሞስ ልቀታችን ኢምንት ከሆነ ምን ልንቀንስ ነው ገንዘብ የምንጠይቀው? በ2021 ለተባበሩት መንግሥታት ያስገባነው የልቀት ቅነሳ ሰነድ በ2030 ከሚጠበቀው 403.5 ሚሊዮን ቶን ልቀት 68.8 በመቶውን እንደምንቀንስ ይናገራል፤ በራሳችን አቅም የምንቀንሰው 14 በመቶውን ብቻ ነው፣ ቀሪው በውጭ ድጋፍ ነው። ከብቱን ብቻ እናስላ፦ 70 ሚሊዮን ገደማ ከብት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ቡድን (IPCC) በ2006 ለአፍሪካ፣ ከወተት ላም ውጭ ላለ ከብት፣ ባስቀመጠው መነሻ በነፍስ ወከፍ 31 ኪሎ ሚቴን በዓመት፣ ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ስለሚያሞቅ በ28 ሲባዛ ወደ 61 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው። ይህን ቁጥር ለለጋሽ እያሳየን ለደረጃ አውጪው መደበቅ አይሆንም።

ለጉባኤው እንግዶች መንገድ ዳር አበባ ከመተከሉ በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት በየሰፈሩ የመስመር ጫፍ ቮልቴጁ ስንት እንደሚነበብ ይለጠፍልን።