መሣሪያው ሲጮህ አታጥፉት

የጨረር ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ መለኪያ ስለመግዛት ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል፣ ጨረር ሲያገኝ የሚጮህ። ይገዛ፣ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከጩኸቱ በኋላ ያለው አምስት ደቂቃ ነው። አንድ ጥበቃ ይህን ዕቃ ይዞ ጅማ መርካቶ ውስጥ ሲዘዋወር ቢጮህበት ምን ያደርጋል? ግምቴን ልናገር። «ተበላሽቷል» ብሎ ያጠፋዋል።

ጥበቃዎችን ለመናቅ አይደለም። ባለሙያም እንዲሁ አስቦ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ ውስጥ ከተዘጋ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ የማሽን አካል ተነቅሎ ተወሰደና ለብረታ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። ውስጡ ሲዝየም 137 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነበር። በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት ነው። ያየው ሁሉ ተገረመ፣ ለዘመድ ተከፋፈለ፣ ገላቸውን የተቀቡትም ነበሩ። ሰው መታመም ሲጀምር ነገሩን የጠረጠረችው የነጋዴው ሚስት ናት። ቅሪቱን በከረጢት አስይዛ፣ በአውቶብስ ተሳፍራ ወደ ጤና ቢሮ ወሰደችው።

አንድ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ተጠራ። መለኪያ ተውሶ መንገድ ላይ ሲያበራው ንባቡ እስከ መጨረሻው ወጣ። ወዴትም ቢያዞረው ያው ነው። ተበላሽቷል ብሎ ሊቀይረው ተመለሰ! ሁለተኛውም ያንኑ ሲያሳይ ነው ነገሩ የገባው። ጤና ቢሮው ሲደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከረጢቱን ወንዝ ሊጥሉት ነበር። እዚህ ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ ላይ ቢሆን ብላችሁ አስቡት። አራት ሰዎች ሞቱ። ከ110 ሺህ በላይ ሰው ተመረመረ።

ስለዚህ ሲጮህ መጀመሪያ ቁጥሩ ይታይ። ምንም በሌለበት ቦታ ንባቡ ብዙ ጊዜ በሰዓት 0.1 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ከወደብ ከተሞች ትንሽ ይበልጣል። የሰፈሩን የተለመደ ቁጥር ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ወደኋላ ማለት። ከትንሽ ዕቃ የሚወጣ ጨረር ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ጥቂት እርምጃ ብዙ ያድናል። በሰዓት 100 ማይክሮሲቨርት ከታየ አካባቢው ይታጠር፣ ሰው አይግባ። እኛ ደግሞ ግርግር ባየንበት መሰብሰብ እንወዳለን።

አጥፍቶ ማብራትማ ጭራሽ አይሞከር። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሲበሩ ያገኙትን ጨረር እንደ ተለመደ ይቆጥሩታል። ምንጩ አጠገብ የበራ መሣሪያ ዝም ሊል ይችላል።

አብዛኛው ጩኸት የአደጋ አይደለም። ፖታሲየም ያለበት ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ ያስጮኸዋል። ሴራሚክም እንዲሁ። ሰውም ያስጮኸዋል፤ ለእንቅርት በሽታ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የወሰደ ታካሚ ለሳምንታት። እዚህ ላይ ጨዋነት ይፈለጋል። መናኸሪያ መሀል «ጨረር አለብዎት!» የተባለች እናት ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ይገባል። ፈቀቅ አድርጎ «እናቴ፣ ሰሞኑን ሕክምና ላይ ነበሩ?» ማለት ይበቃል።

የእኔ ስጋት ያለው ቆራሌው ጋ ነው። (ኤክስሬይ ማሽን የሚፈራ ብዙ ነው። እሱ ከመብራት ከተነቀለ ጨረር የለውም።) የሚያስፈራው ትንሽ ሆኖ ከመጠን በላይ የሚከብድ፣ ባለ ሦስት ክንፍ የጨረር ምልክት ያለበት የብረት ወይም የእርሳስ ዕቃ ነው። ያን የሚነካው መሣሪያ የያዘው ጥበቃ አይደለም። ቆራሌው ነው፣ ቀጥሎ በያጁ። ሥልጠናው ለእነሱ ይሰጥ። የጨረር ተቆጣጣሪው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው፣ ከዚህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባለሙያ እስኪመጣ ያሉት ሰዓታት የእኛው ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቆራሌው ዕቃውን በገንዘቡ ነው የገዛው። ቢጠቁም ይወሰድበታል፣ «ከየት አመጣኸው» እየተባለም ጣቢያ ይመላለሳል። ታዲያ ለምን ይናገራል? ዝም ብሎ ለሚቀጥለው ይሸጠዋል። ከተማ አስተዳደሩ ለጠቆመ ሰው ያወጣውን ገንዘብ ይተካለት፣ እንደማይከሰስም አስቀድሞ ይንገረው። ለመሣሪያ ግዢ ከሚመደበው በጀት ጥቂቱ ለዚህ ይያዝ።