የጎረቤት ልጅ በማን ገንዘብ ይጫወት?

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ነገሩ ቀላል ነበር። ለክረምት ልጆቻችንን ኳስና ሩጫ የሚያሠለጥን ሰው እንፈልጋለን። የኮምቦልቻ ወላጆችም ይፈልጋሉ። አንዲት እናት «ታዲያ ለምን አብረን አንቀጥርም? ሦስት ቀን እዚህ፣ ሦስት ቀን እዚያ» አለች። ሳትጨርስ አንድ ሰውዬ ብድግ አለ። «የራሳችን ልጆች ሜዳ አጥተው የኮምቦልቻን ልጅ የምናጫውተው በማን ገንዘብ ነው?» አዳራሹ አጨበጨበለት።

እኔን ያናደደኝ ጭብጨባው ነው። ያውም በአይጠየፍ ከተማ! ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ይህን ስም ያገኘው ድሃ ሀብታም ሳይል ሁሉን ስለሚያስገባ ነው ሲባል ነው ያደግነው። እኛ ደግሞ ለአንድ ኳስ ተጠያየፍን።

እስቲ ይህን «በማን ገንዘብ» የሚሉትን ነገር እንየው። በሁለታችን ገንዘብ ነዋ! ለብቻችን ብንቀጥረው አሠልጣኙ የሳምንቱን ግማሽ ቡና ሲጠጣ ነው የሚውለው፤ ልጆቹ እንደሆነ በየቀኑ አይመጡም። ሙሉ ደሞዙን ግን እኛው እንከፍላለን። አብረን ከቀጠርነው ግማሹን። ይህ እቁብ የጣለ ሰው ሁሉ የሚገባው ሒሳብ ነው። እድሮቻችን ድንኳንና ወንበር ይዋዋሳሉ። «የዚያኛው እድር ለቀስተኛ በእኛ ወንበር አይቀመጥም» ያለ የእድር ዳኛ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ደግሞስ መቼ ተለያይተን እናውቃለን? ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አንድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በሽታ የጠናበት ሰው ደሴ ሆስፒታል ይወጣል። በ2014 በጦርነቱ ሆስፒታሉ ሲዘረፍ የተጎዳው የደሴ ሰው ብቻ ነበር እንዴ?

ከሁሉ የባሰው ግን ቦርከና ነው። ወንዙ ደሴን አቋርጦ ያልፋል። ምን ይዞ እንደሚያልፍ ድልድይ ላይ ቆሞ ያየ ያውቃል፦ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ። ይህን ሁሉ ይዞ በዶሮ መዝለያ ቁልቁል ይወርድና ኮምቦልቻ ይገባል። እዚያ የፋብሪካው ፍሳሽ ይጠብቀዋል። ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ትንንሽ ወንዞች ተሸክመው ያመጡለታል። ከዚያ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ጨፋ። ጨፋ ላይ ከብት ይጠጣዋል። መጨረሻው አዋሽ ነው። ቆሻሻችንን በነጻ ቁልቁል ስንልክ «በማን ገንዘብ?» ብሎ ብድግ ያለ ሰው አለ? የለም። ማንም አያጨበጭብም፣ ማንም አይጠይቅም። የጎረቤት ልጅ እኛ ሜዳ ላይ ኳስ ሲመታ ግን ኪሳችንን እንዳብሳለን። ኮምቦልቻ የፈለገችውን ያህል ብታጸዳ ከላይ እኛ እየላክንላት ምን ልትሆን? ደሴስ ለብቻዋ ሁሉን ነገር እገዛለሁ ብትል ከየት አምጥታ? ቢያንስ የወንዙን ውሃ የሚመረምር አንድ ላቦራቶሪ፣ በደንብ የተሠራ አንድ ቆሻሻ መድፊያ፣ ለሁለቱም የሚሮጥ አንድ ተጨማሪ የእሳት አደጋ መኪና በጋራ ይኑረን። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እኮ ነው የሚለየን! ቦርከና በየቀኑ ሳይሰበሰብ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይዝ ይሄደዋል።

ስንወጣ አንዱ «ሰንዳፋን አላየህም?» አለኝ። አይቻለሁ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ እንዲደፋበት በ2008 ተከፈተ፣ የአካባቢው ገበሬዎች አምርረው ተቃወሙ፣ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ አሮጌው መድፊያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተናደና ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ግን ይህ ምኑ ነው መጋራት? የራስን ጥራጊ ሰው ደጃፍ መድፋት ነው። እኔ የምለው ጎረቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገንዘቡንም ድምፁንም ይዞ የሚገባበትን ነው። (የፈረንጅ ምሳሌ ብዙም አልወድም፤ ግን ፈረንሳዮች ትንንሽ ከተሞቻቸው ለአንድ ሥራ ተጣምረው ማኅበር እንዲያቆሙ በሕግ የፈቀዱት በእነሱ አቆጣጠር በ1890 ነው። እኛ ገና የኳስ አሠልጣኝ ላይ ነን።)

እሺ፣ አንድ ነገር ልመን። ልጆቹን አንድ ላይ ለማጋጠም ሲባል በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት በጭጋግ ተሸፍኖ ልጅ ጭኖ መውረድ ያስፈራል። በክረምት ደግሞ ጭጋጉ አይታጣም። ስለዚህ አሠልጣኙ ይመላለስ፣ ልጆቹ በየሜዳቸው ይቆዩ፣ ጨዋታው ዝናቡ ሲያባራ ይሁን። የነዳጁ ሒሳብም ያጨቃጭቃል። ይጨቃጨቁበት! የጋራ ነገር ያለው ሰው ነው በሒሳብ የሚጨቃጨቀው።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ለሁለት ሳምንት ተቀጥሯል። እሄዳለሁ። ለሰውዬው አንዲት ጥያቄ ይዤለታለሁ፦ ባለፈው አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲሄድ የተሳፈረው ከየትኛው ከተማ ነው?