የኖርፎልክ በረንዳ የልደት ጌጥ አይደለም

ሰሞኑን በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ተከታዮች ያሏት አንዲት የአዲስ አበባ ወጣት ሠላሳኛ ዓመት ልደቷን ናይሮቢ በሚገኘው ኖርፎልክ ሆቴል ከወዳጆቿ ጋር ስታከብር የሚያሳዩ ምስሎች ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወሩ ሰንብተዋል። ተጋባዦቹ እንደ ቅኝ ግዛት ዘመን ሹማምንትና እመቤቶች ለብሰው እንዲመጡ ተነግሯቸው ስለነበር፣ ወንዶቹ ካኪ ሱሪና የቡሽ ባርኔጣ፣ ሴቶቹ ዳንቴል የተዘመዘመበት ነጭ ቀሚስና ጓንት አድርገው፣ የሻምፓኝ ብርጭቆ እንደያዙ በረንዳው ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ከምስሎቹ ሥር የሰፈረው ጽሑፍ ያንን ጊዜ ወርቃማ ዘመን ይለዋል። ኬንያውያን ቅር መሰኘታቸውን ሲገልጹ ደግሞ ባለልደቷ የሰጠችው መልስ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን በቅኝ ግዛት ስላልተገዛን ቁስሉ የእኛ አይደለም፣ በሌላ ሰው ቁስል ተሸማቅቀን ልደታችንን የምናበላሽበት ምክንያት የለም የሚል ነበር። ይህ መልስ ከልደቱ የበለጠ ጭብጨባ አገኘ።

ለሦስት ሌሊት ምን ያህል እንደተከፈለ መጠየቅ አልፈልግም። ሰው ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ፣ በፈለገው አልጋ ላይ መተኛት መብቱ ነው፤ የሰውን ኪስ መቁጠር ደግሞ ከቅናት ብዙም አይርቅም። እኔን ያስቆጣኝ መልሱና መልሱን ተከትሎ የመጣው ጭብጨባ ነው።

አልተገዛንም የሚለው ክርክር በዓይነቱ ደካማ ነው፤ ድክመቱን ለማየትም ከስድስት ኪሎ በላይ መሄድ አያስፈልግም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለከተማዋ ድሆች ምጽዋት ያድል የነበረው፣ የኔፕልስ ልዑል በመወለዱ ምክንያት ነበር። ያ ቀንም የልደት ደስታ ቀን ነበር ማለት ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ለአማርኛ አንባቢ መተረክ አያሻኝም። እንግዲህ አንድ የናይሮቢ ታዋቂ ሰው ነገ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ፣ የፋሺስቶቹን ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ በገነተ ልዑል ደረጃ ላይ ኬክ ቢቆርስ፣ ሲወቀስም ኬንያን ጣሊያን ስላልገዛት ይህ ቁስል የእኔ አይደለም ብሎ ቢመልስ፣ ዛሬ የሚያጨበጭቡት ሰዎች ምን ይሉት ነበር? በዚያው ምሽት ፓስፖርቱ ተነጥቆ ከአገር እንዲባረር ይጠይቁ ነበር፤ እኔም ከእነሱ ጋር እጮህ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እዚህ ግን ያልወጋም ያልተወጋም ሦስተኛ ወገን መጥቶ ለተወጋው ሰው ዝም በል ይለዋል።

ከዚህም በላይ፣ ጣሊያን በወረረን ጊዜ ድንበር አቋርጠው ወደ ኬንያ የገቡ ኢትዮጵያውያን በኢሲዮሎና በታቬታ ካምፖች ያለፉት ሕይወት በዚያው ኬንያን ይገዛ በነበረው በእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት ፈቃድና ቁጥጥር ሥር የነበረ ነው። ጎረቤታችንን የገዛው ሰው የእኛንም ሰው በካምፕ አኑሯል። ዓድዋ ለሌላው ጥቁር ሕዝብ መኩሪያ የሆነው ከእሱ የተለየን ስለሆንን አይደለም፤ የእሱንም ክብር ስላስመለሰ ነው። ዓድዋን የቅኝ ገዥን ባርኔጣ ለመልበስ እንደ ፈቃድ ወረቀት የሚያወጣ ሰው ድሉን ከነትርጉሙ ጥሎታል።

አሁን ወደ በረንዳው ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት የተቆረቆረች ከተማ ናት። ኖርፎልክ ሆቴል የተከፈተው ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1904 የፈረንጆች ገና ዕለት ነው። ከእንግሊዝ መጥተው መሬት የሚመሩ ሰፋሪዎች፣ በተለይም ባለማዕረጎቹ ስለሚያዘወትሩት «የጌቶች ምክር ቤት» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ለአደን ሲመጣ ያረፈበት ይህ ሆቴል ነው። ከጌቶቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ሎርድ ደላሜር ሲሆን፣ እሱም በ1903 በንጆሮ 100,000 ኤከር፣ ማለትም 40,000 ሄክታር ያህል መሬት ለ99 ዓመት በኪራይ ተሰጥቶታል። በ1915 የወጣው የመሬት ሕግ ደግሞ የሰፋሪዎችን የኪራይ ዘመን ወደ 999 ዓመት አሳደገው። አንድ ሺህ ሊሞላ አንድ ዓመት የጎደለው ለምን እንደሆነ የሕግ ሰዎች ያብራሩልን። ለብዙ ዓመታት የሆቴሉ በረንዳ የሚጠራው በዚሁ በደላሜር ስም ነበር። ባለልደቷና ወዳጆቿ የሻምፓኝ ብርጭቋቸውን ያነሱበት ቦታ እንግዲህ ይህ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ከበረንዳው በታች የሚያልፈው ሰው አንገቱ ላይ ኪፓንዴ ያንጠለጥል ነበር። ኪፓንዴ ማለት ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ እንዲይዘው የተገደደው፣ የጣት አሻራውና የአሠሪው መዝገብ የሰፈረበት፣ በብረት ሳጥን የሚንጠለጠል ወረቀት ነው። ሰውየው ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ በዚያው ወረቀት ተፈልጎ ይያዛል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ የቡናና የሲሳል ዋጋ ሲወድቅ ሰፋሪዎቹ ኪሳራውን የጫኑት በማን ላይ እንደሆነ መገመት አያዳግትም፤ በ1921 የአፍሪካውያንን ደመወዝ በሲሶ ለመቀነስ ተነሱ። ይህን የተቃወመው ሃሪ ቱኩ የተባለ፣ በመንግሥት ግምጃ ቤት በስልክ ኦፕሬተርነት የሚሠራ ወጣት ነበር። ኪፓንዴን፣ የደመወዝ ቅነሳውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሴቶችና ልጃገረዶች በግዳጅ ሥራ መሰማራታቸውን እየተቃወመ ሕዝብ ስላሰባሰበ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1922 ላይ፣ በ14ኛው ቀን ታሰረ። በማግሥቱ የናይሮቢ ሠራተኛ ሥራ አቆመ። በ16ኛው ቀን ከሆቴሉ ብዙም በማይርቀው የፖሊስ ጣቢያ ፊት በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መሪያችንን ፍቱልን ብሎ ተሰበሰበ።

ወንዶቹ የላኳቸው ሽማግሌዎች ከባለሥልጣናቱ ጋር ተነጋግረው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱና ሕዝቡ መበተን ሲጀምር፣ ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ የተባለች ሴት ወጥታ ቀሚሷን ወደ ላይ ገልባ፣ እናንተ ወንዶች ቀሚሴን ውሰዱና ሱሪያችሁን ስጡኝ፣ ምን ትጠብቃላችሁ በማለት እንደተሳደበች ይተረካል። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሕዝቡም ወደ እስር ቤቱ በር ተመለሰ። ፖሊስ ተኮሰ። ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች አንዷ ሙቶኒ ነበረች። በኖርፎልክ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይጠጡ የነበሩ ሰፋሪዎችም መሣሪያቸውን አንስተው በሚሸሸው ሕዝብ ላይ እንደተኮሱ በታሪክ ተጽፏል። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 21 ሲለው፣ ሌሎች ከዚያ በእጅጉ እንደሚበልጥ ተናግረዋል። ቱኩ ያለ ፍርድ ወደ ኪስማዩ ተግዞ ወደ ቤቱ የተመለሰው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ የእኔ ክርክር ይህ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሆቴል ውስጥ ለአልጋው፣ ለመታጠቢያ ቤቱና ለቁርሱ ከሚከፈለው በላይ የሚከፈል ገንዘብ አለ፤ ይህም የሚከፈለው ለመቀመጫው ነው። ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ በጥላ ሥር፣ ብርጭቆ ይዞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው መሆን ይሸጣል። አልጋ በናይሮቢ ሞልቷል፤ ከኖርፎልክ የሚበልጥ ምቾት ያላቸው አዳዲስ ሆቴሎችም ሞልተዋል። ባለልደቷ አዲሱን ትታ አሮጌውን የመረጠችው ምቾት ፍለጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቡሽ ባርኔጣ ባላስፈለጋት ነበር። ባርኔጣው የመጣው መቀመጫው ያለ እሱ ስለማይሟላ ነው። ያንን መቀመጫ ልዩ ያደረገው ደግሞ ከሥሩ የሚያልፈው ባለኪፓንዴ ነበር፤ ከፍታ ከታች የቆመ ሰው ከሌለ ከፍታ አይሆንምና። ስለዚህ የዘመኑን ውበት ብቻ ወስጄ ግፉን ትቻለሁ የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ነው፤ ውበት የሚለው ነገር የተሠራው ከግፉ ነው። ነጩ ቀሚስ ነጭ ሆኖ የዋለው ሌላ ሰው ስለሚያጥበው ነበር። የከሰዓቱ ሻይ በሰዓቱ የሚደርሰው የሚያመጣው ሰው መቅረት ስለማይችል ነበር። በረንዳው ጸጥ ያለው የሚጮኸው ሰው በጥይት ስለሚበተን ነበር። ሌሎች የፈለጉትን ይበሉ እንጂ፣ በዚያ ልብስ በዚያ ቦታ ተቀምጦ ሻምፓኝ መጠጣት ከተኳሾቹ ወገን ሆኖ ፎቶግራፍ መነሳት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ አድራሻው ነው። ኖርፎልክ ሆቴል የሚገኘው ሃሪ ቱኩ መንገድ ላይ ነው። ኬንያውያን ሆቴሉን አላፈረሱትም፤ ነገር ግን የበረንዳው ጌቶች ያሳደዱትን የስልክ ኦፕሬተር ስም በደጃፉ ለሚያልፈው መንገድ ሰጡት። ከዚህ የበለጠ ጨዋ፣ ከዚህ የበለጠም የመረረ መልስ አላውቅም። ተጋባዦቹ ሁሉ ከአውሮፕላን ማረፊያ ለመጡበት ታክሲ ይህንኑ ስም ሰጥተው መሆን አለበት፤ ምስሎቹ ላይ የቦታ ምልክት ሲያደርጉም ስሙ ዓይናቸው ሥር ነበረ። ቱኩ ማን ነው ብሎ ለመጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ለግብዣ ልብስ ስፌት ሳምንታት የሚሰጥ ሰው ለዚህ ጊዜ አጣሁ ሊለን አይችልም።

ግድግዳ ምን አጠፋ፣ ሕንፃ በራሱ ኃጢአት የለበትም የሚሉም አሉ። በመጀመሪያ፣ ግድግዳው ያ ግድግዳ አይደለም። በ1980 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ በሆቴሉ በፈነዳ ቦምብ 20 ያህል ሰዎች ሲሞቱ ከሕንፃው ብዙው ክፍል ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል። ስለዚህ ዛሬ የሚሸጠው ከጥንት የተረፈ ድንጋይ ሳይሆን ሰዎች መርጠው ያቆዩት መልክ ነው፤ የተመረጠ ነገር ደግሞ ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ በዚያ ዘመን የተሠራ ሆቴል ሁሉ አንድ አይደለም። የሙምባዩ ታጅ ማሃል ሆቴል በ1903 ሲከፈት ያሠራው ሕንዳዊው ባለሀብት ጃምሼትጂ ታታ ነበር፤ የእኛኑ ጣይቱ ሆቴልም ያሠሩት እቴጌይቱ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች በረንዳ ላይ የድሮ ልብስ ለብሶ ልደት ማክበር ምንም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ካባና ሸማ የለበሰ የሠላሳኛ ዓመት ግብዣ ብጠራ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ነውሩ ያለው የማን ልብስ በማን በረንዳ ላይ እንደተለበሰ ነው።

የሆቴሉ ሠራተኞች ኬንያውያን ናቸው፣ እንግዳ ከቀረ የሚጎዱት እነሱ ናቸው መባሉን እቀበላለሁ። ለዚህም ነው አትሂዱ የማልለው። ሂዱ፣ ክፈሉ፣ ጉርሻም ጨምሩ። ነገር ግን አስተናጋጁ ምናልባት አያቱ ኪፓንዴ ያንጠለጠለ ሰው መሆኑን እያወቃችሁ የአያቱን ጌታ መስላችሁ አትቅረቡት። እሱ ደመወዙን እያሰበ ፈገግ ይላል፤ ፈገግታውን እንደ ይሁንታ መቁጠርም ያው የድሮው የበረንዳ ልማድ ነው።

ጥፋቱ የአንዲት ወጣት ብቻ እንዳልሆነም መናገር አለብኝ። ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ቪክቶሪያ ፏፏቴና ወደ ኬፕታውን የልደትና የጫጉላ ሽርሽር የሚያዘጋጁ የከተማችን አስጎብኚዎች በማስታወቂያቸው የቅኝ ግዛት ዘመን ድምቀት፣ የጌቶች አኗኗር እያሉ ሲጽፉ የሚያርማቸው የለም። አጭር ነገር እንጠይቃቸው። ወይ ያንን ሐረግ ከማስታወቂያው ያውጡት፤ ወይም የሩዝቬልትን ስምና የሆቴሉን የምሥረታ ዓመት በሚጽፉበት በዚያው አንቀጽ ውስጥ እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1922ን፣ የቱኩንና የሙቶኒን ስም ይጨምሩ። አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የሚያስወጣቸውም ገንዘብ የለም። ደንበኛው ያንን መስመር ካነበበ በኋላም የቡሽ ባርኔጣ ላድርግ ካለ፣ ከዚያ ወዲያ አላወቅሁም ማለት አይችልም።