«ሌላ ቀን ይመለሱ»

የ43 ዓመቷን አክስቴን ለማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይዣት የሄድኩት ከብዙ ልመና በኋላ ነው። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «ምንዎን ነው ያመመዎት?» ሲላት «ኧረ ምንም አላመመኝም» ብላ መለሰችለትና ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ። ምርመራውን የሠራችላት ሲስተር በትሕትና ተቀብላ፣ የምታደርገውን ሁሉ እየነገረቻት፣ በቀጭኑ አሴቲክ አሲድ (የአቼቶ ዋና ንጥረ ነገር ነው) በተነከረ ጥጥ የማኅፀኗን በር ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ከጠበቀች በኋላ ነጭ ሆኖ የወጣ ቦታ አየች። «ካንሰር አይደለም፤ ካልታከመ ግን ወደዚያ ሊሄድ ይችላል» አለቻት። ሕክምናው ነጩን ቦታ በጋዝ አቀዝቅዞ ማጥፋት ሲሆን፣ እዚያው አልጋ ላይ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነበር። የማቀዝቀዣው ጋዝ በማለቁ ግን «ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ» ተባለች። የተመለሰችው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ እሱም በእኔ ጭቅጭቅ።

የሴቶች ቅድመ ምርመራ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ከየመድረኩ የሚሰማው ማብራሪያ «የግንዛቤ ማነስ» የሚል ነው። ሐሰት ነው አልልም፤ ሳይታመሙ ሐኪም ቤት መሄድን እንደ ሟርት የሚቆጥር ሰው በየሰፈሩ አለ። ነገር ግን ይህ ማብራሪያ ጥፋቱን ሁሉ ባልመጣችው ሴት ላይ ጥሎ፣ የመጣችዋን ሴት ምን እንደገጠማት ሳይጠይቅ ያልፋል። ሳይቃጠል በቅጠል እያልን ለምነን ካመጣናት በኋላ ቅጠሉ አልቋል ብለን የመለስናትን ሴት፣ በሚቀጥለው ዓመት ግንዛቤ የላትም ብለን የመውቀስ መብት ያለን አይመስለኝም።

የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ሲሆን፣ መንሥኤው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሂውማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ የሰውነት መከላከያዋ ጤናማ በሆነ ሴት ላይ ወደ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ካንሰር ብዙ የለም። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ግን በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ከፍ ያለ በመሆኑ ክትትላቸው ቀድሞ መጀመርና መደጋገም አለበት፤ ለመድኃኒታቸው ወደ ጤና ተቋም የሚመላለሱ ስለሆኑም እነርሱን ማጣት ምክንያት የለውም።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የዚህ ቫይረስ መከላከያ ክትባት ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ክትባቱ እናቶቻቸውንና ታላላቅ እኅቶቻቸውን አይመለከትም፤ በአገራችን ምርመራው በዋናነት የታሰበላቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉት ሴቶች ያላቸው መከላከያ ይኸው የአንድ ደቂቃ ምርመራ ነው። የምርመራው ትልቁ ጥቅምም ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ላቦራቶሪ ሳይጠብቅ ውጤቱ ወዲያው ስለሚታወቅ ሴትየዋ መርምረዋት፣ አክመዋት፣ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ መላክ ይቻላል። ከገጠር ቀበሌ ሦስት ሰዓት በእግሯ ለመጣች፣ ልጅ ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ለባሏ ምክንያት ፈልጋ ለወጣች ሴት «ሌላ ቀን» ማለት ብዙ ጊዜ «በቃ» ማለት ነው።

ጋዝ የማይፈልገውና በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ ሙቀት የሚያክመው ቴርማል አብሌሽን የተባለው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ በመሆኑ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል። እኔ ብጠየቅ ለሌላ ዙር ፖስተርና ቲሸርት ከሚወጣው ገንዘብ ላይ ቀንሼ እርሱን ለጤና ጣቢያዎች እገዛ ነበር። ሴቷ ናሙናዋን ራሷ የምትወስድበት የቫይረሱ ምርመራም፣ በተለይ ወንድ ባለሙያ ፊት መራቆት ለምታፍር ሴት፣ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ ከላቦራቶሪ እስኪመጣ ቀናት የሚወስድ ከሆነ ያንኑ የቀጠሮ ጣጣ በሌላ በር መልሶ ያስገባል። ስልክ የሚደውልላት፣ ካልመጣችም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ቤቷ ድረስ የሚፈልጋት ሰው አብሮ መመደብ ይኖርበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ስትራቴጂ እስከ 2030 ሦስት ግቦችን አስቀምጧል፤ 90 በመቶ ልጃገረዶችን መከተብ፣ 70 በመቶ ሴቶችን መመርመር፣ ችግር ከተገኘባቸው ደግሞ 90 በመቶውን ማከም። በየዘመቻው የሚነገረን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው ሲዘነጋ መጨረሻው የት እንደሆነ ለዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ በነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወራት የፈጀ ወረፋ የጠበቁ ሴቶች ቤተሰቦች ያውቁታል። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች በየወሩ በሚልኩት ሪፖርት ከተመረመሩት ሴቶች ቁጥር ጎን፣ ነጭ ቦታ ከተገኘባቸው ውስጥ ስንቶቹ በዚያው ቀን ታክመው እንደሄዱ ይጻፍ፤ ይህ ቁጥር ዝቅ ባለበት ወረዳም መጀመሪያ የሚጠየቀው መጋዘኑ ይሁን።