«ስትወልጂ ይተውሻል»

ታናሽ እህቴ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ጉልበቷን ደረቷ ላይ አጥፋ ትውል ነበር። እናታችን ጤና አዳም ትሰጣታለች። ጎረቤቱ ደግሞ አንድ ቃል ነው ያለው፦ «አይዞሽ፣ ስትወልጂ ይተውሻል።» አገባች። አልወለደችም። ሕመሙም አልተዋት። ያኔ ወሬው ተቀየረ፤ በሽተኛ መባሏ ቀርቶ መካን ተባለች። ሐኪሞች በየተራ ጨጓራ፣ ትርፍ አንጀት፣ የማህፀን ኢንፌክሽን አሏት። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚለውን ስም የሰማችው በ11ኛው ዓመት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ እንቁላል ማምረቻው ላይ፣ አንጀት ላይ፣ ፊኛ ላይ። ያቆስላል፣ ጠባሳ ይተዋል፣ አንዳንዴም የሆድ ዕቃን እርስ በርስ ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች 10 በመቶው፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ያህሉ አለባቸው ብሎ ይገምታል።

በ2023 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ከብዙ አገር የተውጣጡ ተመራማሪዎች ከ60 ሺህ በላይ ታማሚዎችን በሽታው ከሌለባቸው ከ700 ሺህ በላይ ሴቶች ጋር አነጻጽረው፣ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 42 የዘረ-መል ቦታዎችን ለዩ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የሴቶቹ ዘር ከአውሮፓና ከምሥራቅ እስያ የሚመዘዝ ነው። እኛ የለንበትም።

ድሮማ የነጭ ሴቶች በሽታ ነው ይባል ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድ ቻትማን በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ግን የማህፀን ኢንፌክሽን አለባችሁ ከተባሉ ጥቁር ሴቶች ከአምስት አንዷ ያህል ኢንዶሜትሪዮሲስ ተገኘባት። እህቴም የኖረችው የኢንፌክሽን ኪኒን ስትውጥ ነው።

ስለዚህ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች በእንዲህ ዓይነቱ የጋራ ምርምር ይግቡ ባይ ነኝ። ግን የውጭውን መጠይቅ እንዳለ ተርጉመው እንዳያመጡብን። «ሕመምሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ሲሏት የገጠር ሴት ግራ ይገባታል። እሷ የምታውቀው «ወገቤን ይቆርጠኛል»፣ «ምጥ ምጥ ይለኛል» ማለት ነው። «ስንት ቀን ከሥራ ቀረሽ?» ብትባል ደግሞ «አንድም» ትላለች። እውነቷን ነው! አረሙ አይጠብቃትም፣ ውኃውም ራሱ ተቀድቶ አይመጣም። ወረቀቱ ላይ ጤነኛ ሆና ትመዘገባለች። እስኪ እርሻው መሃል ስንት ጊዜ ቁጭ እንዳለች ጠይቋት።

«መንገድ ተዘግቶ ወላድ ሐኪም ቤት በማትደርስበት አገር ይሄ ቅንጦት ነው» የሚሉኝ አሉ። ፌስቱላስ? በተራዘመ ምጥ ተጎድተው ሽንት መቋጠር ያቃታቸውን እነዚያን ሴቶች ከቤት ጥግ ማን ይቆጥራቸው ነበር? ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሐምሊኖች በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ መጡ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የፌስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ማዕከል ተከፈተ። እዚህ የቀረልን ነገር አለ፤ አልጋውም፣ ሙያውም። ደም ቀድቶ በበረዶ ሣጥን ይዞ የሚሄድ ትብብር እንዲህ አይደለም።

ከምርምሩ እዚህ እንዲቀርልን የምፈልገው ብዙ አይደለም። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶና የፅንስ ጥናት ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በሽታውን ለመለየት የግድ በቀዶ ሕክምና ሆድ ውስጥ ማየት አያስፈልግም፤ በአልትራሳውንድ መጀመር ይቻላል። መሣሪያው በየከተማው አለ። የጎደለው በሽታውን ለይቶ የሚያይ የሠለጠነ ዓይን ነው። ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ላይ አንድ አንድ ባለሙያ ቢሠለጥን እኮ ሴቷ ባሕር ዳር ድረስ አትንከራተትም።

እህቴ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች፤ አሁን ቀለል ብሏታል። ባለፈው የጎረቤታችን ልጅ ቁርጠት ይዟት ከትምህርት ቀረች። እናቷ የተለመደውን ልትል አፏን ስትከፍት እህቴ ቀደመቻት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት።